ባለ ቀለበት ወፍ ስታዩ፦ የእግር ቀለበትን ከሩቅ የማንበብ መመሪያ

ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ ግራጫ ክሬኖች፣ እግራቸውም አንገታቸውም ረጅም የሆነ ትላልቅ ወፎች፣ በመንጋ ወደ እኛ ይመጣሉ። ጣና ዙሪያ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ሸሸርና ወላላ በሚባሉት ረግረጎች፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው ጨለለቃ ታገኟቸዋላችሁ። ፊንላንድ፣ ኢስቶኒያና ሩሲያ ተፈልፍለው የዚያን አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ናቸው። ከመንጋው መሐል አልፎ አልፎ አንዷ እግሯ ላይ ደማቅ የፕላስቲክ ቀለበት ታያላችሁ። ያ ቀለበት መታወቂያዋ ነው። በትክክል ካነበባችሁት የት እንደተፈለፈለች፣ ስንት ዓመቷ እንደሆነና በየት በየት እንደታየች ማወቅ ይቻላል። ወፏን መያዝ አያስፈልግም። መነካካትም አያስፈልግም።

ብዙ ሰው ቀለበቱን ያያል፣ ይገረማል፣ ያልፋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ያቺን ወፍ ገና ጫጩት ሳለች ረግረግ ለረግረግ ሮጦ የያዘና ቀለበቱን ያሰረላት ሰው አለ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያውቀው ሌላ ሰው አይቶ የነገረውን ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አይቶ የሚነግረው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከእናንተ የምትላከው አንዲት መስመር ዋጋዋ ትልቅ ነው።

እዚህ የማሳያችሁ ዋናው ምሳሌ ክሬን ነው። አሠራሩ ግን ለሽመላም፣ ለጥንብ አንሳም፣ በሐይቅ ዳር ለሚውሉት ነጫጭ የውኃ ወፎችም ይሆናል።

መጀመሪያ፣ ምን ዓይነት ቀለበት እንደሆነ ለዩ

ለጥናት ሲባል ወፍ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት በሥርዓት ማሰር የጀመረው ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ቪቦርግ በሚባል ከተማ ጥቁር ጥቁር ትናንሽ ወፎችን በአሉሚኒየም ቀለበት ምልክት አደረገባቸው። እስካሁንም ለጥናት የሚያዙት አብዛኞቹ ወፎች እንዲህ ያለ የብረት ቀለበት ይደረግላቸዋል። ላዩ ላይ ቁጥርና የሰጠው ተቋም አድራሻ ተቀርጾበታል። ሞስኮ፣ ሄልሲንኪ፣ ስቶክሆልም፣ ቡዳፔስት፣ ራዶልፍሴል፣ ቴል አቪቭ የሚል ጽሑፍ በላቲን ፊደል ልታዩ ትችላላችሁ።

የብረት ቀለበት ችግሩ ጽሑፉ ደቃቅ መሆኑ ነው። ወፏ ካልተያዘች ወይም ካልሞተች ለማንበብ ይከብዳል። ባለ ቀለም ቀለበት የመጣው ለዚህ ነው። ፕላስቲክ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። አንዷን ወፍ በሕይወት እያለች አሥር ሰው በአሥር ቦታ ሊያነባት ይችላል።

ባለ ቀለሙ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በላዩ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ነው። ሽመላና ጥንብ አንሳ ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት ይሄንን ነው። ሁለተኛው ምንም ጽሑፍ የለውም። የቀለሞቹ ድርድር ራሱ ኮዱ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ ክሬኖች የሚታሰርላቸው እንዲህ ያለው ነው። በአንደኛው እግር ከላይ ወደ ታች 3 ቀለበት፣ በሌላኛው እግር 3 ቀለበት። በተለመደው አሠራር የግራው እግር አገሩን ይናገራል፣ የቀኙ ደግሞ ወፏን ራሷን። ሁለቱን እግር ካላያችሁ መታወቂያው ግማሽ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ውጪ ትናንሽ የውኃ ዳር ወፎች እግር ላይ ወደ ጎን ወጣ ያለ ባንዲራ የሚመስል ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። ክንፍ ላይ የተለጠፈ ቁጥር፣ አንገት ላይ የተደረገ ሰፊ ቀለበትም አለ። የሚመዘገቡት በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ቀለበት የመሰለ ሁሉ ግን ለጥናት የታሰረ አይደለም። አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ያረፈች እርግብ እግሯ ላይ ቀለበት ካላት ባለቤት ያላት እርግብ መሆኗ አይቀርም። እርግብ አርቢዎች ጫጩቷ ገና የጥቂት ቀን ልጅ ሳለች መጋጠሚያ የሌለው ቀለበት ያጠልቁላታል። በዚያ ላይ የአገርና የዓመት ምልክት ይኖራል። እሱን ለእርግብ ማኅበራት እንጂ ለወፍ ተመራማሪ አትላኩት። ልጆች ያሰሩት ክር፣ ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ደግሞ እግር ላይ የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ክርም ከሩቅ ቀለበት ይመስላል። ልዩነቱ ቀላል ነው። ቀለበት ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ ወርዱ እኩል ነው፣ እግሯ ላይ ልል ብሎ ይንቀሳቀሳል። ክር ግን ይጠብቃል፣ ጫፉ ይንጠለጠላል።

ምን ይዛችሁ፣ በስንት ሰዓት

8 በ42 ወይም 10 በ42 የሚባለው፣ 8 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላው ተራ ባይናኩላር ቀለበት ያላትን ወፍ ለማግኘት ይበቃል። ለማንበብ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከ20 እስከ 60 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ከነመቆሚያው ካገኛችሁ ሥራው ግማሽ አለቀ። ቴሌስኮፕ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ያላቸው አስጎብኚዎችና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አሉ፣ አብራችሁ ውጡ። ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራም በደንብ ይሠራል። እንዲያውም ለጀማሪ እሱ ይሻላል፣ ምስሉን ቤት ገብቶ ደጋግሞ ማየት ይቻላልና። ስልክ ብቻ ያላችሁ ደግሞ ካሜራውን የቴሌስኮፑ ወይም የባይናኩላሩ ዓይን ላይ አስጠግታችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ከፎቶ ይልቅ ቪዲዮ ያልኩት ወፏ ስትራመድ እግሯ ስለሚዞር ነው። ከ20 ሴኮንድ ቪዲዮ ውስጥ አንድ ጥሩ ምስል አይጠፋም።

ደብተርና እርሳስ አትርሱ። እስክሪብቶ በጤዛ ይጨማለቃል።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ክሬኖች ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድሩና ፀሐይ ስትወጣ ወደ ማሳ ይበራሉ። ሲያድሩ እግራቸው ውኃ ውስጥ ነው፣ ምንም አይታይም። በየማደሪያቸው ሄዳችሁ አታስደንግጧቸው፣ ጥቅም የለውም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ድረስ የታጨደ ማሳ ላይ ወድቆ የቀረ እህል ሲለቅሙ ጠብቋቸው። ገለባው አጭር ከሆነ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ይታያል። ከ4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ይሞቅና አየሩ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ምርጡ ቴሌስኮፕም ቢሆን ቀለበቱን እንደሚሟሟ ሳሙና ነው የሚያሳያችሁ። አመሻሽ ላይ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይጠራል።

ፀሐይን በጀርባችሁ አድርጉ። ፀሐይ ከፊታችሁ ከሆነች ሰማያዊም፣ አረንጓዴም፣ ቀይም ሁሉም ጥቁር ነው።

መኪና ካለ ከመኪናው አትውረዱ። ወፎች ከመኪና ይልቅ የቆመ ሰው ያስፈራቸዋል። በእግር ከሆናችሁ በቀጥታ ወደ እነሱ አትሂዱ፣ በሰያፍ ሂዱ፣ ቆም ቆም እያላችሁ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ሁሉም ወደ እናንተ ካዩ በቂ ተጠግታችኋል፣ ከዚያ አትለፉ። እንዲበሩ ማድረግ ወፎቹን ያደክማል፣ እናንተንም ባዶ እጃችሁን ያስቀራል።

የት እንደሚውሉ ለማወቅ ደግሞ እረኞችንና ገበሬዎችን የሚያክል የለም። «እንደምን አደሩ አባባ፣ እነዚያ ግራጫ ትላልቅ ወፎች ዛሬ ወዴት ወረዱ?» ብሎ መጠየቅ የግማሽ ቀን ዙረት ያድናል። የሰው ማሳ ውስጥ ግን ሳትጠይቁ አትግቡ። ክሬን ለገበሬው ሁልጊዜ የሚወደድ እንግዳ አይደለም። ሰብል ሲነካ ያባርሩታል፣ እውነታቸውን ነው። ድንበሩ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። የምታደርጉትን በቴሌስኮፑ አሳዩዋቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ባለ ቀለበቷን መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ማንበቡ

መንጋውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ እግር እግሩን እዩ። ዓይን ወደ ጭንቅላት ይሄዳል፣ መልሱት። ባለ ቀለበት ካገኛችሁ በኋላ ወፏን አትልቀቋት። ለጓደኛ ልንገር ብላችሁ ዞር ስትሉ ከ300 ወፍ መሐል ትጠፋለች።

ቀጥሎ ማወቅ ያለባችሁ ግራና ቀኝ የወፏ ግራና ቀኝ መሆኑን ነው፣ የእናንተ አይደለም። ወፏ ጀርባዋን ከሰጠቻችሁ ግራዋ በእናንተ ግራ በኩል ነው። ፊቷን ካዞረች ይገለበጣል። ከጎን ስትታይ ደግሞ ምንቃሯ ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ። ምንቃሯ ወደ ግራችሁ ከሆነ ለእናንተ የቀረበው እግር ግራ እግሯ ነው። ወደ ቀኛችሁ ከሆነ የቀረበው ቀኟ ነው። ይሄንን ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት። ልምድ ያለው ሰው እንኳ ሲቸኩል ይምታታበታል።

ከዚያ ከፍታው። የወፍ እግር መሐሉ ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፍ አንጓ አለ። ጉልበት ይመስላል እንጂ በእውነቱ ቁርጭምጭሚቷ ነው። እዚህ መታጠፊያ እንበለው። ቀለበቱ ከመታጠፊያው በላይ ነው ወይስ በታች? የክሬንና የሽመላ ባለ ቀለም ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ከመታጠፊያው በላይ ነው የሚታሰረው። ጭቃና ውኃ እንዳይሸፍነው ነው። ብረቱ ከላይም ከታችም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዷ ወፍ 4 ቦታ አላችሁ፦ ግራ ላይ፣ ግራ ታች፣ ቀኝ ላይ፣ ቀኝ ታች። አራቱንም ሙሉ። ባዶ ከሆነ «ባዶ» ብላችሁ ጻፉ። ካላያችሁት ደግሞ «አልታየም» በሉ። ባዶና አልታየም የተለያዩ ናቸው። እንደኔ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይሄንን ያዙ። «ቀኝ ታች ባዶ» ማለት አይቼዋለሁ፣ ምንም የለም ማለት ነው። «ቀኝ ታች አልታየም» ማለት ሣሩ ሸፍኖት ነበር ማለት ነው። መዝገቡን የሚይዘው ሰው በመጀመሪያው ብዙ ወፎችን ከዝርዝሩ ያወጣል። በሁለተኛው ግን አንዷንም አያወጣም።

የቀለም ድርድር ከሆነ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። አንድ ምሳሌ፣ ለማሳየት ብቻ የፈጠርኩት፦

ግራ ላይ፦ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ
ግራ ታች፦ ባዶ
ቀኝ ላይ፦ ቢጫ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ
ቀኝ ታች፦ አልታየም

ሁለት አንድ ዓይነት ቀለም ተከታትለው ከመጡ አንድ ረጅም ቀለበት ይመስላሉ። ቁመቱን ከጎኑ ካለው ጋር አስተያዩት። እጥፍ ከሆነ ሁለት ናቸው። ተጠግታችሁ ካያችሁ መሐላቸው ላይ ቀጭን መስመር ትኖራለች።

ፊደል ያለው ከሆነ ኮዱ ብዙውን ጊዜ በቀለበቱ ዙሪያ ተደጋግሞ ነው የተጻፈው። ወፏ ብትዞርም ከአንድ ወገን ይታያችኋል ማለት ነው። ረጅም ቀለበት ላይ ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ጭንቅላታችሁን ዘንበል ማድረግ ይኖርባችኋል። የሚያምታታውም ይሄው ነው። የላቲኑ ኤን ሲጋደም ዜድ ይመስላል። ኤም ሲገለበጥ ደብሊው ነው። 6 ደግሞ 9 ይሆናል። ኦ እና 0፣ አይ እና 1፣ ኤስ እና 5፣ ቢ እና 8 በሩቅ አንድ ናቸው። ይሄንን አውቀው ብዙ ፕሮጀክቶች አንዳንዶቹን ፊደላት ጭራሽ አይጠቀሙባቸውም። እናንተ ግን ይሄኛው የማይጠቀሙበት ይሆናል ብላችሁ አትገምቱ። የታያችሁን ቅርጽ ሥሉት። አዎ፣ በእርሳስ ሥሉት። ጥሩ ሥዕል ባይሆንም ችግር የለውም።

የቀለበቱን ቀለምና የጽሑፉን ቀለም ሁለቱንም መዝግቡ። ቢጫ ላይ ጥቁር ጽሑፍና ጥቁር ላይ ቢጫ ጽሑፍ የሁለት አገር ወፎች ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ቀለበት ላይ በሁለት ኮድ መሐል ነጥብ ወይም ሰረዝ ካለ እሱም የኮዱ አካል ነው።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ዓይናችሁን አንሱ። አርፉ። ከዚያ ደብተሩን ሳታዩ እንደ አዲስ አንብቡ። ሁለቱ ንባብ ከተለያየ ሦስተኛ ጊዜ። አብሯችሁ ሰው ካለ የእናንተን ንባብ ሳትነግሩት እሱም ያንብብ። «ቲ ይመስለኛል» ብሎ የነገሩት ሰው ቲ ነው የሚያየው።

በቃል ስትነጋገሩም ተጠንቀቁ። በስልክ «ኤ» እና «ኢ»፣ «ጂ» እና «ጄ»፣ «ቢ» እና «ፒ» ይምታታሉ። ለእያንዳንዱ ፊደል በላቲን ሲጻፍ በዚያ ፊደል የሚጀምር የከተማ ስም አብራችሁ በሉ፦ አዳማ ኤ፣ ጎንደር ጂ፣ ጅማ ጄ። ወይም በጽሑፍ ላኩት።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ቀለም ይለቃል። ዓመታት ያስቆጠረ ቢጫ ነጭ ይመስላል። ቀይ ወደ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ይሄዳል። ጥቁር ሰማያዊ ከጥቁር አይለይም። ነጩ ደግሞ በጭቃ ቢጫ ይሆናል። በማለዳ ፀሐይ የታየ ነጭ ቀለበትም ወርቃማ ነው። መላው፣ እዚያው ወፏ ላይ ወይም አጠገቧ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ነጭ ነገር ፈልጋችሁ ማወዳደር ነው። ካልለየላችሁ «ነጭ ወይም የለቀቀ ቢጫ» ብላችሁ ጻፉ። ይሄ ነውር የለውም። ተቀባዩ በሁለቱም ይፈልጋል።

ሽመላ ላይ ሌላ ችግር አለ። ሽመላ ሲሞቃት የገዛ እግሯ ላይ ትፀዳዳለች፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። አባ ኮዳም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በፀሐይ ቀይ መሆን የነበረበት እግር ነጭ ይለበስና ቀለበቱም አብሮ ይሸፈናል። ነጭ ቀለበት ነው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ጠርዙን ፈልጉ። ቀለበት ከሆነ ከላይም ከታችም ስለታም ጠርዝ አለው። ኩስ ግን ወደ ታች ይፈሳል፣ ጫፉ የተዥጎረጎረ ነው።

በስምጥ ሸለቆው ጨዋማ ሐይቆች፣ በአብያታና ሻላ ላይ ደግሞ ሶዳ አለ። ሶዳው የወፍ እግር ላይ ሊጋገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ኬንያ ውስጥ ማጋዲ ሐይቅ ላይ ብዙ የፍላሚንጎ ጫጩቶች እግር ላይ ሶዳው እንደ እግረ ሙቅ ጠንክሮ መራመድ ከልክሏቸው ነበር። ሰዎች ገብተው ሰባብረውላቸዋል። ፍላሚንጎ እግር ላይ ወፈር ያለ፣ ቅርጹ የተዛባ ነጭ ነገር ካያችሁ እሱን አስቡ።

የጠፋ ቀለበትም አለ። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ይወድቃል። በአንዱ እግር 3፣ በሌላው 2 ቢሆን ሁለቱን እንዳሉ ጻፉ። ሦስተኛውን ከራሳችሁ አትጨምሩ።

መዝገቡ ላይ ምን ይጻፋል

የወፏ ዓይነት፣ አራቱ ቦታዎች፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስንት ወፍ አብሯት እንደነበረ። ክሬን ከሆነች ጫጩት ይዛለች ወይ የሚለውን ጨምሩ። የክሬን ልጅ የመጀመሪያውን ጉዞ ከወላጆቿ ጋር ነው የምታደርገው። ጭንቅላቷ ቡናማ ነው፣ የአዋቂው ጥቁርና ነጭ አንገትና ቀይ አናት ገና የላትም። ባለ ቀለበቷ እናት ወይም አባት ሁለት ልጅ ይዛ ፎገራ ደረሰች ማለት የዚያ ዓመት እርባታ ተሳካ ማለት ነው። ያሰረላት ሰው በጣም የሚፈልገው ወሬ ይሄ ነው።

ቀኑና ሰዓቱ ላይ የእኛ ሰው ብዙ ይስታል። ዘመን አቆጣጠራችንም የሰዓት አቆጣጠራችንም ከእነሱ ይለያል። ኅዳር 12 ቀን 2018 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ያያችሁት ለእነሱ ኖቬምበር 21 ቀን 2025፣ 8 ሰዓት ነው። ደብተራችሁ ላይ በለመዳችሁት ጻፉ። ስትልኩ ግን ቀይሩና «በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት» በሉ። ዓመቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር ማለቂያ 7፣ ከጃንዋሪ በኋላ ደግሞ 8 እንደሚጨመርበት አትርሱ። ወፏ ከመታሰሯ በፊት ታየች የሚል መዝገብ የሚመጣው በዚህ ስህተት ነው።

ቦታውን በስም ብቻ አትተዉት። ጉግል ማፕ ላይ ወፏ የነበረችበትን ነጥብ ተጭናችሁ ስትይዙ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ወፏ የቆመችበትን ነው፣ እናንተ የቆማችሁበትን አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር ከ3 እስከ 15፣ ሁለተኛው ከ33 እስከ 48 መሐል ነው። ከዚህ ከወጣ ወይም ከተገለባበጠ ተሳስታችኋል። አጠገቡም የቀበሌውን ወይም የሐይቁን ስም ጨምሩ።

ለማን ይላካል

የብረቱን ቁጥር ካነበባችሁ ዩሪንግ የሚባለው የአውሮፓ የወፍ ቀለበት ድርጅቶች ኅብረት በድረ ገጹ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመ ነው። ቀለበቱ የየትኛው አገር እንደሆነ ትመርጣላችሁ፣ ወደ ባለቤቱ ያደርሰዋል። ባለ ቀለም ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ የማን ፕሮጀክት እንደሆነ ማግኘት አለባችሁ። ለዚህ ሲአር በርዲንግ የሚባል የአውሮፓ ድረ ገጽ አለ። የወፏን ዓይነት ስትመርጡ በዚያ ወፍ ላይ የትኛው ፕሮጀክት ምን ቀለም እንደሚጠቀም ይዘረዝራል። ለክሬኖች ብቻ ደግሞ አይኮራ የሚባል የተለየ መዝገብ አለ። ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል። አትሰልቹ።

እዚሁ አገር ቤት የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን መጠየቅ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ነው፣ ቢሮው አዲስ አበባ ነው። ጣና አካባቢ ያላችሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሬኖችን ያጠኑ ሰዎች አሉላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ እዚያ ያያችሁትን ቀለበት የምትልኩት ለአገሪቱ የጂኦሎጂ ሰርቬይ የወፍ ቀለበት ላቦራቶሪ ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ሁላ ሸለቆ ላይ በብርዱ ወራት ክሬኖች በአሥር ሺዎች ይሰበሰባሉ። ከዚያ አልፈው ኢትዮጵያ የሚደርሱም አሉ። ጥቅምት ላይ ሁላ ያነበባችኋት ወፍ ታኅሣሥ ላይ ፎገራ ብትገኝ የመንገዷ ሁለት ነጥብ በእጃችን ነው። አውሮፓ ያላችሁ ልምምዱን በከተማ መናፈሻ ውስጥ ባሉት ስዋንና ዳክዬዎች ጀምሩ። ሰው ስለማይፈሩ ቀለበታቸው በባዶ ዓይን ይነበባል።

ፎቶ ካለ፣ ምንም ያህል ቢደበዝዝ፣ ሳትቆርጡና ቀለሙን ሳትነካኩ አያይዙ። እናንተ ያላያችሁትን ባለሙያው ሊያይ ይችላል።

የሞተች ወይም የቆሰለች ወፍ ካገኛችሁ

በባዶ እጅ አትንኩ። የወፍ በሽታ ሰውም ላይ ሊሻገር ይችላል። ፌስታል በእጃችሁ አጥልቁና ቀለበቱን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። የብረቱ ቁጥር በዙሪያው ስለሆነ ቢያንስ 3 ፎቶ ያስፈልጋል። አሟሟቷን የሚያሳይ ነገር ካለ እሱንም አንሱ። አፋርና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የሞተ ጥንብ አንሳ ማግኘት አለ። ከቡልጋሪያና ከአካባቢው አገሮች ከሚመጡት ነጫጭ የግብፅ ጥንብ አንሳዎች መካከል አፋር የሚከርሙ አሉ። ዝርያው ለመጥፋት የተቃረበ ነው። ምሰሶው ሥር መሆኗን፣ የምሰሶውን ቅርጽና ቁጥር መዝግቡ። የትኛው መስመር እንደሚገድል የሚታወቀውና ሽቦው ወፍ እንዳይገድል የሚሸፈነው በእንዲህ ያለ መረጃ ነው። ወደ ወደቀ ሽቦ ግን አትጠጉ።

በሕይወት ያለች ወፍ ቀለበት አይወለቅም። የሞተችም ብትሆን ቁጥሩ በፎቶ በደንብ ከወጣ ቀለበቱን ማውለቅ አስፈላጊ አይደለም።

ጀርባዋ ላይ ትንሽ ሳጥንና አንቴና ካለ የመከታተያ መሣሪያ ነው። ሰው ይሄን ሲያይ ይጠራጠራል፣ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ ቄና ውስጥ አንዲት ሽመላ በዚህ ምክንያት ፖሊስ ጣቢያ ታስራ ነበር። በ2011 ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ምልክት ያለው ጥንብ አንሳ ሳዑዲ ውስጥ ሰላይ ተብሎ ተይዞ ነበር። ሁለቱም ለጥናት ምልክት የተደረገባቸው ወፎች ነበሩ። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ወሬ ከተነሣ ለቀበሌውም ለአካባቢው ፖሊስም ረጋ ብላችሁ አስረዱ። ቀለበቱ ላይ ያለውን አድራሻ አሳዩ። ወፏ ጤነኛ ከሆነች ቶሎ እንድትለቀቅ አድርጉ። ተይዛ በቆየች ቁጥር ትዳከማለች።

መልሱ ሲመጣ

አንዳንዱ በሁለት ቀን ይመልሳል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈጃል። ብዙዎቹ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው። መልሱ ሲመጣ የታሰረችበት ቀንና ቦታ፣ በጫጩትነቷ ነው ወይስ በአዋቂነቷ የሚለው፣ ከዚያም የታየችባቸው ቦታዎች በተራ ይዘረዘራሉ። በጫጩትነቷ ከታሰረች ዕድሜዋን በትክክል ታውቃላችሁ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የእናንተ መስመር አለ።

መጀመሪያ አንብቡና ከላካችሁት ጋር አስተያዩት። የወፏ ዓይነት ካልገጠመ ወይም «ይህ ኮድ ገና አልተሰጠም» ከተባላችሁ ወደ ደብተራችሁ ተመለሱ። የሣላችሁት ቅርጽ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ቀይራችሁ የምትልኩት ከሥዕሉ ወይም ከፎቶው የሚታይ ነገር ካለ ብቻ ነው። ከሌለ «እርግጠኛ አይደለሁም» በሉና ተዉት። በስህተት የገባ አንድ መዝገብ የሞተችን ወፍ በሕይወት አለች ሊያስብል ይችላል።

ያቺኑ ወፍ በሳምንቱ እዚያው ማሳ ላይ ብታገኟት እንደገና ላኩ። ብዙ ሰው «አንዴ ልኬዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ሁለተኛው መዝገብ ስንት ቀን እንደቆየች ይናገራል፣ ሦስተኛው ከየትኛው ማሳ ወደየትኛው እንደተዛወረች። የካቲት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁበትም ቀን ለብቻው ይፈለጋል። ወደ ሰሜን የምትነሣበትን ጊዜ በግምት ለማወቅ የሚረዳው እሱ ነው።